አንባቢው ሁለተኛውን ገጽ ለምን አልገለጠም? የመጽሐፍ መክፈቻ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ደብረ ብርሃን ላይ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቆሞ ነው የሚያነበው። ሽፋኑን ያያል፣ ጀርባውን ገልብጦ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከዚያ ምዕራፍ አንድን ከፍቶ ጥቂት መስመር ይሞክራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። እጅ ወደ ኪስ እስኪመለስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በቴሌግራም የሚያነበው ደግሞ ከዚያ ያጠረ ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ስልኩ የሚያሳየው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በጣቱ ፈቃድ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪና ከአረርቲ በሚመጡ ወጣት ጸሐፊዎች ረቂቅ ላይ ደጋግሜ አያቸዋለሁ። ምሳሌዎቹን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የማንንም ረቂቅ አልወሰድኩም። ችግሮቹ ምልክታቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፦ ጸሐፊው አንባቢው ያልጠየቀውን ይመልሳል። ሰው መልስ የሚፈልገው ከጠየቀ በኋላ ነው። መክፈቻ መጀመሪያ አንባቢውን ያስጠይቀው፤ ማስረዳቱ ይደርሳል።

1. የሕይወት ታሪኩ በልደት ይጀምራል

ምልክቱ፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል። «በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ልዩ ስሙ እገሌ በተባለ ስፍራ፣ ከአባቴ ከአቶ እገሌና ከእናቴ ከወይዘሮ እገሊት ተወለድኩ።» ቀጥሎ አያት ይመጣል፣ ቅድመ አያት ይመጣል፣ የአያት ወንድሞች ይመጣሉ። አንባቢው ዘመድ ካልሆነ ስሞቹን ይዘላቸዋል። አንዴ መዝለል የጀመረ አንባቢ ደግሞ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው የለም፤ ዋናውንም ነገር አብሮ ይዘለዋል።

መንስኤው፦ ይህን ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በመንዝ፣ በማማም በላሎም በጌራም፣ ዘር መቁጠር ትልቅ ጉዳይ ነበር። ርስት የሚገኘው በትውልድ ስለነበር፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ሐረጉን ሳይዘል የቆጠረ ድርሻ ይጠይቃል፤ መቁጠር ያቃተው ይረታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ፤ ልማዱ ግን በአንደበታችን ቆየ። ራሳችንን ስናስተዋውቅ ዛሬም «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድመን መልስ እንሰጣለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሽማግሌዎቹ ይህን ጥያቄ በእርግጥ ጠይቀዋል፣ በእያንዳንዱ ስም ላይም መሬት ተንጠልጥሏል። መጽሐፉን የከፈተው አንባቢ አልጠየቀም። የሚያገኘውም የሚያጣውም ማሳ የለውም።

መፍትሔው፦ ዘር ቆጠራውን አትሰርዙት፤ ሙግት ውስጥ አስገቡት።

«አባቴ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ያስተማረኝ በአንድ ሌሊት ነው። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ አንድ ስም ብዘል፣ ከቦዩ በታች ያለው ማሳ ለአጎቴ ልጆች ይሆናል።»

አሁን ሰባቱም ስም ቢደረደር አንባቢው አይሰለችም፤ ልጁ የትኛው ላይ ይሰናከል ይሆን እያለ አብሮ ይቆጥራል። መረጃው ያው ነው፣ አባትም አያትም በቦታቸው አሉ። የተጨመረው ነገር ቢኖር ሊጠፋ የሚችል ማሳ ነው።

የበላ ልበልሃ ተሟጋቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዳኛውና ሕዝቡ ፊት ሲቆሙ ነገራቸውን የሚከፍቱት ቤት በሚመታ፣ ጆሮ በሚይዝ አነጋገር ነው። ቀኑ፣ ምስክሩ፣ የድንበሩ ዝርዝር ከዚያ በኋላ ይከተላል። አዳማጩን ሳይዙ ዝርዝር ውስጥ የገባ ተሟጋች እውነት ይዞም ቢሆን ነገሩ ይቀዘቅዝበታል። ይህን ችሎታ ከአያቶቻችን ወርሰን ሳለ በጽሑፍ ላይ ስንደርስ የቀበሌ መታወቂያ እንደምንሞላ ሆነን መጀመራችን ያሳዝነኛል።

ሕይወታችሁን ርስት ካልነካው ሌላ በር አለ። ስማችሁ፣ ቤተሰባችሁ ወይም ትውልድ ቦታችሁ አንድ ነገር ያስከፈላችሁን ቀን ፈልጉ። ከመንዝ ወርዶ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አነጋገሩን ሰምተው የሳቁበት ቀን፤ ቀለብ የሚልክ አባት ቀለቡን ሳይልክ የቀረበት ሳምንት። ከእነዚህ ከአንዱ ጀምሩ። የተወለዳችሁበት ዓመት ገጽ 12 ላይ ቢመጣ የሚቀየም አንባቢ የለም።

2. ልብ ወለዱ በታሪክ ትምህርት ይከፈታል

ምልክቱ፦ ታሪኩ ደብረ ብርሃን ላይ ስለተገናኙ ሁለት ወጣቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ግን ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ከሰማይ ስለታየው ብርሃንና ከተማዋ ስሟን እንዴት እንዳገኘች ይተርካሉ። አንኮበር ላይ የተቀመጠ ታሪክ ከሆነም ስለ ሸዋ ነገሥታት ሳይወራ ሰው አይታይም።

መንስኤው፦ አገርን መውደድ ነው፤ ክፉ መንስኤ አይደለም። ከዚያ ጋር አንድ ስጋት አለ፦ «የአዲስ አበባ አንባቢ አገራችንን አያውቀውም፣ ሳላስረዳው ብጀምር ይጠፋበታል።» አይጠፋበትም። አንባቢ የማያውቀው አገር ውስጥ የሚያውቀውን ስሜት ካገኘ አገሩን ራሱ እየጠየቀ ይማራል።

መፍትሔው፦ ታሪኩን ዛሬ ለሚፈልገው ሰው ስጡት። ታሪኩን የሚሸጥበት፣ የሚያፍርበት ወይም የሚከራከርበት ሰው ይኑር።

«ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚህ አንጎለላ ነው እያለ እንግዳ የሚያስጎበኘው ልጅ፣ እሱ ራሱ የት እንደተወለደ የሚነግረው ሰው አላገኘም።»

ዓመቱም ቦታውም ንጉሡም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገብተዋል፤ አንባቢው የያዘው ግን ልጁን ነው። ስለ አንጎለላ የቀረውን ልጁ በየምዕራፉ እያስጎበኘ ይነግረናል፤ በነገረን ቁጥርም የራሱ ጥያቄ አብሮ ይነሣል።

3. «ጊዜው ክረምት ነበር»

ምልክቱ፦ ደመና፣ ነጎድጓድ፣ የሚያፏጭ ነፋስ፣ የሚንቀጠቀጡ ዛፎች። አንድ ገጽ ሙሉ ዘንቦ ማንም አልረጠበም።

መንስኤው፦ ትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍ የተለማመድነው መነሻ ነው። ጸሐፊው ስለምን እንደሚጽፍ ገና እያሰበ ሳለ እጁን የሚያሟሙቅበት ቦታ ነው። ማሟሟቁ አይከፋም፤ ማተሙ ነው የሚከፋው።

መፍትሔው፦ አየሩ የአንድን ሰው መንገድ ይዝጋ። በዚህ በኩል ሰሜን ሸዋ የተባረከ አገር ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በደብረ ሲና አድርጎ ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው በዚያው ዕለት በሸሚዝ ይቀራል። እንዲህ ያለ አገር የያዘ ጸሐፊ «ነፋሱ ያፏጫል» ብሎ ማቆም የለበትም።

«ጉሙ ጣርማ በርን ስለዋጠው ረዳቱ ከመኪናው ወርዶ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ ያሳያል። ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ግን እያንዳንዱን ደቂቃ ሾፌሩን ‹እባክህ ፍጠን ልጄ› ትለዋለች።»

ወይም ከቆላው በኩል፦

«ከመሐል ሜዳ ስትነሣ የደረበችውን የወንድ በርኖስ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን ባወለቀበት ሸዋ ሮቢት ላይ እንኳ አላወለቀችም።»

ሁለተኛው ላይ «ሙቀት» የሚል ቃል የለም። ሙቀቱ ግን ይሰማል፤ ምክንያቱም በርኖሱ የማን ነው፣ ከሥሩስ ምን አለ ብለን እየጠየቅን ነው የምንሞቀው።

4. «ይነሣ ነበር፣ ያጠምድ ነበር፣ ይመለስ ነበር»

ይህ ከሁሉም በላይ የተሰወረው ችግር ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እቆይበታለሁ።

ምልክቱ፦ ዓረፍተ ነገሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ደህና ናቸው። አገላለጹ ያምራል፣ ሰውየው ሰው ይመስላል። አንባቢው ግን ምን እንደጎደለው ሳያውቅ መጽሐፉን ያስቀምጣል። ስትጠይቁት «ጥሩ ነው፣ ግን ገና አልጀመረም» ይላችኋል።

«አያ ገብሬ ዘወትር ማለዳ ይነሣ ነበር። ተነሥቶም ጸሎት ያደርስ ነበር። ከዚያ በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ማሳው ይወርድ ነበር። ሲመሽ ደክሞት ይመለስ ነበር።»

መንስኤው፦ «ይነሣ ነበር» የሚለው የግሥ መልክ የሚነግረን ዘወትር የሚሆነውን ነው። ዘወትር የሚሆን ነገር ዛሬም ሆነ፣ ነገም ይሆናል፤ ስለዚህ ምንም አያሰጋም። ታሪክ የሚጀምረው ዘወትሩ ሲሰበር ነው። «ተነሣ»፣ «ጠመደ»፣ «ሄደ» የሚሉት አንድ ጊዜ የሆነን ነገር ይይዛሉ፤ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ደግሞ መዘዝ አለው። ጸሐፊው «ሰውየውን መጀመሪያ ላስተዋውቀው» ብሎ በልማድ ግሥ ይጀምራል፤ ማስተዋወቁ ሳያልቅ ምዕራፉ ያልቃል።

መፍትሔው፦ እርሳስ ያዙና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን «ነበር» ሁሉ አስምሩበት። ገጹ በመስመር ከሞላ ሕመሙ ተገኝቷል። ቀጥሎ ልማዱ የተሰበረበትን አንድ ቀን ምረጡ፤ ልማዱን ደግሞ በመሰበሩ በኩል አሳዩት።

«ያን ሰኞ አያ ገብሬ በሬዎቹን አልጠመደም። ጎረቤቶቹ የእሱን ጅራፍ ሰምተው ነበር እሳት የሚያያይዙት፤ ፀሐይ ወጥታ እንኳ ከማንም ቤት ጭስ አልታየም።»

ማለዳ መነሣቱን ማንም አልነገረንም፤ ግን አወቅነው። ጎረቤቶቹ በእሱ ጊዜ እንደሚቆጥሩም አወቅን። ታሪኩ ጅሩ ላይ ከሆነ፣ አገሩ በሰንጋው የታወቀ ነውና፣ በሬ ሳይጠመድ መዋሉ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ያንን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም፤ የጎረቤቶቹ ዝምታ ይነግረዋል።

አንድ «ነበር» ቢቀር ጥፋት አይደለም፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ውስጥም አንድ አለ። የተሰበረው ቀን ከቀደመ በኋላ የሚመጣ የልማድ ግሥ ጥያቄውን ያጠናክረዋል። ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው።

5. የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይነበባል

ምልክቱ፦ «ደብረ ብርሃን ጠባሴ በሚባለው ሰፈር አባቷ ከሞተ በኋላ ከእናቷ ጋር ተከራይታ በምትኖርበት ግቢ ውስጥ ካሉት ቤቶች በስተግራ ባለው የሚኖረው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጡረተኛ ያሳደገው ልጅ ጠራት።»

መንስኤው፦ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው አራት ነጥቡ አጠገብ ነው። «የ» እና «በ» በተደራረቡ ቁጥር አንባቢው ሁሉንም በልቡ ይዞ ግሡን ይጠብቃል፤ በመጨረሻ የሚያገኘው «ጠራት» ብቻ ከሆነ ድካሙ አልተከፈለም።

መፍትሔው፦ ግሡን ቶሎ ስጡት፣ ከዝርዝሩ ውስጥም የሚቆረቁረውን አንዱን ብቻ አስቀሩ።

«የጡረተኛው ልጅ በስሟ ጠራት። አባቷ ከሞተ ወዲህ በዚያ ግቢ ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም።»

ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን ጠላት አይደለም። የግሡን መዘግየት እያወቀ የተጠቀመበት ጸሐፊ ከሌላ ቋንቋ ጸሐፊ የሚቀድምበት ቦታ ነው፦ «አባቷ የሰጣትን ብር፣ እናቷ የቋጠረችላትን ቆሎ፣ ወንድሟ የጻፈላትን አድራሻ ይዛ መናኸሪያው በር ላይ እንደደረሰች ወደ ኋላ ተመለሰች።» እዚህ የተደረደረው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል፣ ግሡ ደግሞ ይገለብጠዋል። የመለኪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ግሡ ሲደርስ ጥበቃውን ይክሳል?

6. መጽሐፉ በፍልስፍና ወይም በምሳሌያዊ አነጋገር ይጀምራል

«ሕይወት ትግል ናት። የሰው ልጅ ሲወለድ ጀምሮ…» ይላል። ይህ ለአንባቢው ድምዳሜውን አስቀድሞ መስጠት ነው፤ የማያውቀው ሰው የደረሰበትን ድምዳሜ ደግሞ ማንም በብድር አይቀበልም። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ሰው በር ያንኳኳል። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ቁረጡና ከማንኳኳቱ ጀምሩ።

ምሳሌያዊ አነጋገሩ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ጥቅም ባለው ሰው አፍ አድርጉት። ገንዘቡን የበላ ሰው «ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ናት» ብሎ ሲመክር፣ ሁላችን የምናውቀው አነጋገር አዲስ ንዴት ይቀሰቅሳል።

7. ንግግር ከየትም ይመጣል

ምልክቱ፦ «አልሄድም!» «ለምን?» «አልሄድም አልኩህ!» እያለ ገጹ ያልቃል። ድምፅ አለ፣ ሰው የለም።

መንስኤው፦ ንግግር በራሱ ሕይወት ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። ሕይወት የሚሰጠው ግን ተናጋሪዎቹ አንዳቸው ለአንዳቸው ምን እንደሆኑ ሲታወቅ ነው።

መፍትሔው፦ አማርኛ ለዚህ የሰጠን መሣሪያ አለ፤ አንቱና አንተ። በሰሜን ሸዋ ገጠር ለታላቅ አንቱ ማለት ዛሬም ሕያው ነው፤ ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ደግሞ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። ስለዚህ ማብራሪያ ሳትጨምሩ ጠብን ማሳየት ትችላላችሁ።

«አንቱ ካልፈረሙ እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«አልፈርምም ብያለሁ፣ አልፈርምም።»

«እንግዲያው አንተው ታውቃለህ።»

ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ነገር ተሰበረ። ተናጋሪው ልጅ ነው? አማች ነው? ወረቀቱስ የምን ነው? አንባቢው ሁሉንም መጠየቅ ጀምሯል፣ እኛም እስካሁን የማንንም ስም አልጠራንም። ቀጥሎ በሚመጣው አንቀጽ ግን ቦታውንና ስሙን ስጡት። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ወደሚቀጥለው ችግር ትገባላችሁ።

8. ሁሉ ነገር ተደብቋል

«መልስ አስቀድማችሁ አትስጡ» ሲባል አንዳንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል።

ምልክቱ፦ «መጣ። አየችው። ያን ነገር አስታወሰች። እንዲህ እንደሚሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር።» ማን መጣ? የትኛው ነገር? የትኛው ቀን?

መንስኤው፦ አማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ስለያዘ ስም ሳይጠሩ ገጽ ሙሉ መሄድ ይቻላል፤ ቀላል ስለሆነም ይፈተናሉ። ጸሐፊው ግራ መጋባትን ጉጉት አድርጎ ይቆጥረዋል። ግራ የተጋባ አንባቢ ግን አይጠይቅም፤ ለመጠየቅ ቢያንስ ማን፣ የት፣ ምን እንደያዘ ማወቅ አለበትና።

መፍትሔው፦ ስሙን፣ ቦታውንና በእጅ ያለውን ነገር በግልጽ ስጡ። የምትደብቁት ባለታሪኳ ራሷ የማታውቀውን ወይም ማወቅ የፈራችውን ብቻ ይሁን።

«ዘነበች የወንድሟን ደብዳቤ የተቀበለችው አረርቲ ገበያ ላይ፣ ጤፍ እየሸጠች ሳለ ነው። ሸጣ እስክትጨርስ አልከፈተችውም። ሸጣ ከጨረሰችም በኋላ አልከፈተችውም።»

እዚህ የተደበቀ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በፀሐይ ላይ ነው፤ ስለዚህም የተደበቀው ጎልቶ ይታያል።

9. በጥይት ተጀምሮ በቡና ወሬ ይቀጥላል

ምልክቱ፦ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተኩስ፣ ደም፣ ጩኸት አለ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሌላ ዘመን፣ ምንም ስላልሆነበት ቀን ይተረካል። አንዳንዱ ላይ ተኩሱ ሕልም ሆኖ ይገኛል።

መንስኤው፦ መሳብ ማለት ማስደንገጥ ነው የሚል እምነት። ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ላሉ ብዙ አንባቢዎቻችን የጥይት ድምፅ ከመጽሐፍ የተማሩት ነገር አይደለም። በእነሱ ፊት ተኩስን ለማማለያ ብቻ አንሥቶ መተው ከባድ ነገር ነው፤ እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

መፍትሔው፦ ተኩሱ የታሪኩ ከሆነ ከተኩሱ በፊት ካለው ትንሽ ውሳኔ ጀምሩ፦ በሩን ከቆለፈው እጅ፣ ልጆቹን ከየትኛው ዘመድ ጋር እንላክ ከሚለው ክርክር። የታሪኩ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ገጽ አንድ ላይ የተነሣው ጥያቄ ምዕራፍ ሁለት ላይም በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡ።

10. ቶሎ የሚታከሙ

ባለታሪኩ ከእንቅልፍ ነቅቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ መስታወት አይቶ መልኩን ይገልጽልናል፦ ቁርሱን ከበላ በኋላ የሆነውን ነገር ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ። በሕልም መክፈት፦ ተዉት። ከምዕራፍ አንድ በፊት መታሰቢያ፣ ምስጋና፣ መቅድም፣ የሦስት ሰው አስተያየትና መግቢያ ተደርድሯል፦ መታሰቢያውን በቦታው አቆዩት፣ ምስጋናውንና አስተያየቱን ወደ መጨረሻ አዛውሩ፤ ቆሞ የሚያነበው ሰው መጽሐፉን ሲከፍት ታሪኩን ያግኝ። በአንድ ገጽ ላይ ስድስት ሰው በስም መጥቷል፦ ሁለቱን ብቻ በስም ጥሩ፣ ሌሎቹ «ጎረቤቷ»፣ «ሾፌሩ» እየተባሉ ይቆዩ።

11. ችግሩ የትኛው እንደሆነ አልለይ ሲል

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ለብቻው አትሙና ታሪኩን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ጸሐፊ ጓደኛ አይሁን፤ ጸሐፊ ጓደኛ አጻጻፉን ያደንቃል። ገበያ የምትሸጥ እትዬ፣ ጥበቃ የሚያድሩ ጋሼ፣ ተረት ሲነገር «ከዚያስ?» ማለት የለመደ ማንኛውም ሰው ይሆናል። ገጹ ሲያልቅ ዝም በሉ። «ከዚያስ?» ካሉ ይዟል። «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» ካሉ አልያዘም፤ ምርቃት የሚመጣው ነገሩ ያለቀ ሲመስል ነው። «ማነው ግን እሱ?» ካሉ ስምንተኛውን ችግር ተመልከቱ። ዓይናቸው ወደ ሌላ የሄደበትን መስመር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ችግር እዚያ አለ።

12. ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም አልያዘም

ምልክቱ፦ ዓረፍተ ነገሩ ንጹሕ ነው፣ ግሡ ቶሎ ይመጣል፣ ሰው አለ፣ ቦታ አለ። አዳማጩ ግን «ከዚያስ?» አይልም።

መንስኤው፦ ታሪኩ የሚጀምረው ሌላ ቀን ላይ ነው።

መፍትሔውን በአንድ ታሪክ ላሳይ። ስለ መንዝ ጓሳ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አለ እንበል። ቄሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት የጓሳው ሣር ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም፤ የሚከፈተው በጋራ በተወሰነው ቀን ነው። የባለታሪኩ ቤት ክዳኑ አርጅቷል፣ ዝናብ ያስገባል፣ ሚስቱም ልትወልድ ነው። ጓሳው ተዘግቷል። ሌሊት ወጥቶ አጨደ። ጠባቂዎቹ ደረሱበት። ፍርድ ተቀመጠ።

ጸሐፊው መጀመሪያ የጀመረው ጓሳው ከተዘጋበት ቀን ነው፤ ሥርዓቱን ለማስረዳት ይመቻል። ግን ያን ቀን ለባለታሪኩ ምንም አልሆነበትም። ከፍርዱ ቀን ቢጀምር ሁሉም አልቋል፣ የቀረው ማስታወስ ነው። ሌሊቱ ጥሩ ይመስላል፣ ማጭድና ጨለማ አለበት፤ ሰውየው ለምን እንደወጣ ግን ስላላየን እንደ ማንኛውም ሌባ እናየዋለን።

ስለዚህ የቀኖቹን ዝርዝር በወረቀት ላይ ጽፎ እያንዳንዱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ከዚህ ቀን በኋላ ሰውየው ወደ ትናንቱ መመለስ ይችላል? የጓሳው መዘጋት፦ ይችላል። ክዳኑ ማፍሰስ የጀመረበት ቀን፦ ይችላል፣ እንስራ ደቅኖ ያድራል። ጎረቤቱን «ከተረፈህ ሣር አበድረኝ» ብሎ ጠይቆ ጎረቤቱ ሰው ፊት እምቢ ያለበት ቀን፦ አይችልም። ከዚያ በኋላ ክዳኑ የዝናብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የክብር ጉዳይ ሆኗል፤ ሚስቱ ሰምታለች፣ መንደሩም አውቋል። መጽሐፉ ከዚያ ቀን ይጀምር። የጓሳው መዘጋት በጎረቤቱ እምቢታ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል፦ «ጓሳው እስኪከፈት ሁለት ክረምት ይቀራል፤ እኔስ በምን ልከድን?»

ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ተጽፎ ሳያልቅ አይሠራም፤ የማይመለሰው ቀን የትኛው እንደሆነ ጸሐፊው ራሱ የሚያውቀው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገጽ በማሳመር ወራት አትፍጁ። የሚያስኬዳችሁን መክፈቻ ጽፋችሁ ቀጥሉ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሳችሁ ስትመለሱ የቀኖቹን ዝርዝር አውጡ፣ ምዕራፍ አንድን ሳታዩ እንደ አዲስ ጻፉት፣ ከዚያ አሮጌውን አጠገቡ አድርጋችሁ የሚጠቅም ዓረፍተ ነገር ካለው ብቻ ውሰዱ።